ሰባተኛው ድምፅ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ጓደኞቹን ይዞ መጣና ሳሎኑን ሞሉት። ቴሌቪዥኑ ላይ የሩቅ አገር ምርጫ ይተነተናል። እዚያ አገር ፕሬዚዳንቱን የሚመርጠው ሕዝቡ በቀጥታ አይደለም፤ ሕዝቡ መራጮችን ይመርጣል፣ መራጮቹ ደግሞ ፕሬዚዳንቱን ይመርጣሉ። ስለዚህ ብዙ ሰው የደገፈው ዕጩ ተሸንፎ ሊወጣ ይችላል። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ተንጫጩ። አንዱ «ይሄማ ዝርፊያ ነው!» አለ። ሌላው «ታዲያ ትንሹ አካባቢ ምን ይዋጠው?» ብሎ ተነሣበት። ልጄ ወደ እኔ ዞረና፣ «እማዬ፣ ስንት ዓመት ሥነ ዜጋ አስተምረሻል፤ እስቲ ፍረጂን» አለኝ።

«እኔ መፍረድ አልችልም» አልኩት። «እኔ ራሴ አንድ ጊዜ መራጭ ሆኜ ተቀምጫለሁ።»

የቀለድኩ መስሏቸው ሳቁ፤ ወደ ክርክራቸውም ተመለሱ። እኔ ግን ከዚያ በኋላ መቀመጥ አቃተኝ። ጓሮ ወጣሁ፣ ተመለስኩ፣ የታጠበ ብርጭቆ ደግሜ አጠብኩ። ያ ከሰዓት በኋላ ከወጣትነቴ ቀናት ሁሉ የሚያቁነጠንጠኝ ነው። ባሰብኩት ቁጥር እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም።

ያን ጊዜ ክልሉ ገና ከመመሥረቱ ነበር። ስሙ እንኳ በሰው አፍ አልረጋም። አንዱ «ክልል ስድስት» ይላል፣ ሌላው «ቤኒሻንጉል» ይላል፣ ሦስተኛው «ጉሙዝን ለምን ትተዋለህ?» ብሎ ይቆጣል። ቢሮ ተብለው የተከፈቱት ቤቶች ትናንት መጋዘን ወይም የሰው መኖሪያ የነበሩ ናቸው። አሶሳ ሁልጊዜ የሆነ ነገር የምትጠብቅ ትመስል ነበር። ከወለጋ በኩል መኪና ቀዩን አቧራ እያስነሣ በመጣ ቁጥር ሰው ከየሱቁ ብቅ ይላል። አዲስ ሹም መጣ? ምን ተባለ? የሚባረር አለ?

የመጨረሻው ጥያቄ የእኛ የሰፋሪዎቹ ነበር። እኛ በድርቁ ዘመን ከወሎ መንግሥት ጭኖ ያመጣን ሰዎች ነን። አምባ እየተባሉ በቁጥር በሚጠሩት መንደሮች ነው ያደግሁት። መንግሥት ሲለወጥ ብዙ ጎረቤቶቻችን ነቅለው ወደ ወሎ ተመለሱ። አባቴ ግን «እኔ በአንድ ዕድሜ ሁለት ጊዜ አልሰፍርም» ብሎ ቀረ። ቀረ ይባል እንጂ በልቡ አንድ እግሩ ሁልጊዜ መኪና ላይ ነበር። የበር መንኳኳት ያስደነግጠዋል። በስብሰባ ላይ «የአካባቢው ተወላጅ» የሚል ቃል ከሰማ ማታ እራት አይበላም።

እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን መምህራን ማሠልጠኛ ገብቼ ሁለተኛ ዓመቴን ጀምሬያለሁ። ሃያ ዓመቴ ነው። ማሠልጠኛው ከከተማው ወጣ ብሎ ነበር። ዶርሞቹ በቆርቆሮ የተሠሩ በመሆናቸው ዝናብ ሲመጣ እርስ በርስ መሰማማት አይቻልም። የካፌው ምግብ የማሽላ እንጀራ በሽሮ ነው፤ ነገም የማሽላ እንጀራ በሽሮ ነው። ሰኞ ሰኞ ግን እንጠግባለን። ከአሶሳ ዙሪያ የመጡት የበርታ ልጆች ቅዳሜና እሁድን ቤታቸው አሳልፈው ሲመለሱ፣ የገንፎ ቁራሽ ከባሚያ ወጥ ጋር፣ አንዳንዴም በጨው የተቀቀለ የቀርከሃ ቡቃያ ይዘው ይመጣሉ። የቀርከሃውን ቡቃያ መጀመሪያ ስቀምሰው ሽታው አስነጠሰኝ። በኋላ ግን ሰኞ እስኪደርስ የምቆጥር ሆንኩ።

ያን ዓመት የተማሪዎች ካውንስል ለመጀመሪያ ጊዜ ይቋቋማል ተባለ። የካውንስሉ ፕሬዚዳንት ቀላል ሰው አይደለም። የካፌው ኮሚቴ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ የሚበልጠው ደግሞ ተመራቂ የት ወረዳ ሄዶ እንደሚያስተምር በሚወስነው የምደባ ኮሚቴ ውስጥ ድምፅ አለው። ይህ እንደተሰማ ግቢው ታመሰ።

ዲናችን አቶ ነጋሳ የወለጋ ሰው ናቸው። ረዘም ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ እሁድ እሁድ በቤተ ክርስቲያናቸው መዝሙር የሚመሩ ሰው ነበሩ። በሜዳው ላይ ሰብስበውን እንዲህ አሉ፤

«ልጆች፣ ፕሬዚዳንቱን እጅ በማውጣት አንመርጥም። በአምስት አካባቢ ትከፈላላችሁ፤ አሶሳ ዙሪያ፣ አምባዎቹ፣ ባምባሲ በኩል፣ ካማሺ፣ መተከል። እያንዳንዱ አካባቢ ሁለት ወኪል ይመርጣል። አሥሩ ወኪሎች ቁጭ ብለው ፕሬዚዳንቱን ይመርጣሉ። ከአሥሩ ሰባቱን ያላገኘ ፕሬዚዳንት አይሆንም።»

ካሳሁን እጁን አወጣ። ካሳሁን የእኛ ሰፈር ልጅ ነው፤ ቤታችንን የሚለየው አንድ አጥር ነው። ከወሎ ስንመጣ ከመኪና ወርደን በእግር ስንጓዝ ንዳድ ይዞኝ እግሬ ሲከዳኝ፣ አባቴ እናቴን ደግፎ ስለነበር፣ አዝሎ ያደረሰኝ የካሳሁን አባት ነው። ልጁ አንደበተ ርቱዕ ነበር። ሲናገር ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ሰው ራሱ ዝም ይልለታል።

«ጋሼ፣ ከተማሪው ግማሽ የሚጠጋው የአምባ ልጅ ነው» አለ። «መተከሎች እፍኝ አይሞሉም። እንዴት ሁላችንም እኩል ሁለት ሁለት እንልካለን? የአንድ ተማሪ ድምፅ ከሌላው ለምን ይበልጣል?»

ጭብጨባው ግቢውን አናወጠው። እኔም አጨብጭቤያለሁ። አቶ ነጋሳ ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቁ።

«ልክ ነህ፤ ጥያቄህ እውነት ነው» አሉ። «እጅ እናውጣ ብል ግን ከአንተ ሰፈር ውጪ ማንንም ሳታናግር ታሸንፋለህ። እኔ የምፈልገው አንተ መተከሎቹ ዶርም ድረስ ሄደህ በር እንድታንኳኳ ነው። ሃሩንም እንደዚሁ።»

ሃሩን ሁለተኛው ዕጩ ነበር፤ ከአሶሳ ዙሪያ የመጣ የበርታ ልጅ። ዝምተኛ ነው። በአማርኛ ሲናገር ቃል እየመረጠ ስለሆነ ሰው ይሰለቸዋል። ካሳሁን ቆሞ ጥቂት አሰበና፣ «እሺ ጋሼ፣ ሕጉን እንቀበላለን» አለ። እርግጠኛ ነበር። እኛም ነበርን፤ እንደገና አጨበጨብን።

የአምባ ልጆች ተሰብስበን እኔንና ይማም የሚባለውን ልጅ ወከልን። ይማም ጎበዝ ነው፤ ነገር ግን ካሳሁን ያለውን ከማለት ውጪ ሌላ ሥራ አልነበረውም። በማግሥቱ ቅዳሜ ስለነበር አባቴ ለገበያ መጥቶ ግቢው ድረስ ዘለቀ። ከአጥሩ ሥር ቁጭ አልን። ከከረጢቱ የተጠበሰ በቆሎ አውጥቶ ሰጠኝ፤ ራሱ ግን አልበላም። ዓይኑ በሩን ይጠብቃል።

«ትርንጌ፣ ወከሉሽ አሉ» አለ።

«አዎ አባዬ።»

«ለካሳሁን ነው አይደል?»

«ለካሳሁን ነው።»

«እንደው አደራሽን። የኛ ሰው እዚያ ወንበር ላይ ካልተቀመጠ አንቺን ወደ ሱዳኑ ጠረፍ ነው የሚወረውሩሽ። ከዚያ ደግሞ ቀስ ብለው እኛንም። እኔ ሌላ አገር የለኝም፤ ሰማሽ?» አለና በቆሎውን ከእጄ ወስዶ ፈልፍሎ መለሰልኝ፤ ልክ ሕፃን ሳለሁ እንደሚያደርገው። ቃሌን ሰጠሁት። ሲሄድ ሦስት አራት ጊዜ ዞሮ አየኝ።

የምርጫው ዕለት ጥቅምት ነበር። አሶሳ ላይ ዝናቡ በጥቅምትም ገና አይለቅም። ከምሳ በኋላ አሥራችንም ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ገባን። መጻሕፍት ያሉት ሁለት መደርደሪያ ብቻ ነው፤ የተቀረው ቦታ ረጅም ጠረጴዛና የእርጥብ ልብስ ሽታ ነበር። ዕጩዎቹ ውጪ ይጠብቃሉ። ተማሪው በሙሉ በረንዳውንና ሜዳውን ሞልቶታል። አቶ ነጋሳ ወረቀት አደሉን፤ ጽፈን አጥፈን ሰጠን። ከፍተው አነበቡ። ካሳሁን አራት፣ ሃሩን አራት፣ ባዶ ሁለት።

ካሳሁንን የመረጥነው የአምባና የባምባሲ ወኪሎች ነን። ሃሩንን የአሶሳ ዙሪያና የካማሺ። ባዶ ወረቀት የሰጡት መተከሎቹ መሆናቸውን ለማወቅ ሒሳብ አያስፈልግም።

መተከልን ወክለው የመጡት መንገሻና ወርቅነሽ ናቸው። መንገሻ ጉሙዝ ነው፤ ከማንዱራ። መንገሻ የሚለውን ስም ያወጣለት ትምህርት ቤት ሲገባ የመዘገበው አስተማሪ እንደሆነ በኋላ ነግሮኛል። ወርቅነሽ ሺናሻ ናት፤ ከወንበራ፣ ከደብረ ዘይት። መጀመሪያ የተዋወቅን ጊዜ ደብረ ዘይት ስትለን የሸዋው መስሎን ስለ ሐይቁ ጠይቀናት ነበር። እሷም ስቃ ተወችን። አሁን ግን አልሳቀችም።

«ለምን ባዶ ሰጣችሁ?» አላት ይማም በቁጣ።

«የሚመረጥ ስላላየን» አለች። «ሁለቱም ዕጩዎች ዶርማችን መጥተዋል። አንድ ነገር ጠየቅናቸው፤ ካሳሁን መልሶ ‹ስንት ናችሁ?› ብሎ ጠየቀን። ሃሩን ‹ኢንሻአላህ እናያለን› አለን። በቃ።»

«ምን ነበር የጠየቃችሁት?» አልኩ።

መንገሻ እስከዚያ ድረስ ጠረጴዛውን ነበር የሚያየው። ቀና አለ።

«ዕረፍት ጊዜ» አለ። «የካቲት ላይ ዕረፍት ሲሆን እናንተ ቤት ይሄዳል። ካፌ ይዘጋል። እኛ አገር ሩቅ ነው። የት ይበላል?»

ይህን ለማያውቅ ልንገር። በካርታ ላይ መተከልንና አሶሳን የሚለያቸው ዓባይ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ግን የሚያሻግር ድልድይ አልነበረም። ከወንበራ የሚመጣ ልጅ በጎጃም ወጥቶ፣ አዲስ አበባ ገብቶ፣ ወለጋን አቋርጦ ነው አሶሳ የሚደርሰው። ለአጭር ዕረፍት ያን መንገድ የሚመላለስ የለም። ባለፈው የካቲት እኔ ቤቴ ሄጄ እናቴ ያስቀመጠችልኝን ቅቤ ስቀባ፣ እነሱ ከተማ ውስጥ ቤት ለሚሠሩ ሰዎች ቀርከሃ እየተሸከሙ ነበር የበሉት። ሥራ ያልተገኘ ቀን አልበሉም። ወርቅነሽ ታማ ወድቃ ነበር። ዕረፍቱ አልቆ ስንመለስ ከስታ አይቻት «ምነው፣ ፍቅር ያዘሽ እንዴ?» ብዬ ቀልጄባታለሁ።

«ለምን አልነገራችሁንም?» አልኩ።

«ማን ጠየቀን?» አለች ወርቅነሽ። «ዛሬ ገና ነው ድምፃችን የተፈለገው።»

ውጪ ተማሪው «ካ-ሳ-ሁን! ካ-ሳ-ሁን!» ይላል። ዝናቡ ጀመረና ድምፃቸውን ዋጠው። አቶ ነጋሳ ሁለቱን ዕጩዎች አስጠርተው የመተከሎቹን ጥያቄ በሁላችን ፊት ደገሙላቸው። ከዚያ «ጥቂት ጊዜ እሰጣችኋለሁ፤ አስባችሁ ኑ» አሏቸው። ሃሩን ምንም ሳይል ዝናቡ ውስጥ ገብቶ ወደ ካፌው ሮጠ። ካሳሁን በረንዳው ላይ ቆሞ ቀረ።

ሃሩን በስብሶ ተመለሰ። ከምግብ ቤቱ ኃላፊና ከጓደኞቹ ጋር ተነጋግሮ ነው የመጣው። «የአሶሳ ዙሪያ ልጆች ቅዳሜና እሁድ ቤታችን ነን» አለ። «የእኛ ራሽን ግን ይወጣል፣ ይበስላል፣ ይደፋል። ወላሂ ሲደፋ አይቻለሁ። ያ እህል ይቀመጥ፤ በዕረፍቱ ለሚቀሩት ልጆች ካፌው ይከፈት። ጓደኞቼን አሁን ጠይቄ ነው፤ ጥቂቶቹ አኩርፈዋል፣ ይሁን።» አማርኛው እንደ ወትሮው እየተጎተተ ነው፤ የሰለቸው ሰው ግን አልነበረም።

ሁለተኛው ዙር ተሰጠ። ሃሩን ስድስት፣ ካሳሁን አራት።

ሰባት የሚባለው ቁጥር ያን ጊዜ ነው ራሱን ያሳየው። አቶ ነጋሳ ሰዓታቸውን አዩ። «እስኪመሽ ካልተስማማችሁ ዘንድሮ ካውንስል አይኖርም» አሉ። «ለጥቂት ደቂቃ ውጡና ተናፈሱ።»

እኔ አየር አልፈለግሁም፤ ካሳሁንን ነበር የፈለግሁት። በረንዳው ጫፍ ላይ አገኘሁት።

«ካሳሁን፣ አንድ ቃል በላቸው» አልኩት። «የኛም ልጆች ቅዳሜና እሁድ ግማሾቹ ቤታቸው ናቸው። አንተም እንደ ሃሩን ማለት ትችላለህ። በላቸውና እነሱን መልሰህ ውሰድ።»

«ለድምፅ ብዬ የልጆቻችንን እንጀራ አልሸጥም» አለ። «የመረጡኝ ሰዎች እነዚያ ናቸው፤ ይሰማሻል?» በእጁ ወደ ሜዳው አሳየኝ። ዝናብ ላይ ቆመው ይጮኻሉ። «ያን ሁሉ ሰው ትቼ እፍኝ ለማይሞሉ ሰዎች ልለምን?»

«ይራባሉ እኮ።»

«ያሳዝናል። ፕሬዚዳንት ስሆን ለዲኑ አመለክታለሁ። አሁን ግን እንደ ገበያ አልደራደርም። ትርንጎ፣ አንቺ ቃልሽን ጠብቂ፤ ከዚህ ሌላ የምጠይቅሽ የለም።»

ልክ አልነበረም ማለት አልችልም። ዛሬም አልችልም። ድምፅን በጥቅም መለወጥ አስጠልቶት ነበር፤ የሚያስጠላም ነገር ነው። እኔ ግን ፊቱን ሳይ የመንገሻን «የት ይበላል?» ነው የምሰማው። ወደ ውስጥ ገብቼ ከመደርደሪያው እስከ በሩ ተመላለስኩ። አባቴ ታየኝ። የካሳሁን አባት ጀርባ ታየኝ፤ የላቡ ሽታ ሳይቀር። እነዚያ ሜዳው ላይ ያሉት ልጆች የላኩኝ የእነሱን ቃል ይዤ እንድገባ ነው። ታዲያ መልእክተኛ ብቻ ከሆንኩ ለምን አስገቡን? ውጪ ቆሞ መቁጠር አይበቃም ነበር? ከተላክሁ በኋላ የሰማሁትን ነገር ምን ላድርገው? ላኪዎቼ አልሰሙትም፤ እኔ ሰምቻለሁ።

ሦስተኛው ዙር ላይ ወረቀቱን ወደ ራሴ ሳብኩ። «ሃሩን» ብዬ ጻፍኩ። ሰባት ለሦስት።

አቶ ነጋሳ ወጥተው ሲያሳውቁ ሜዳው ፈነዳ። «ሌቦች!» «ድምፃችንን ሸጣችሁት!» ድንጋይ መጥቶ መስኮቱን ሰበረው፤ ስብርባሪው ጠረጴዛው ላይ ተበተነ። ወርቅነሽ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። በሩ ይገፋል፤ ይማምና መንገሻ ትከሻቸውን ሰጥተው ከውስጥ ደገፉት። አቶ ነጋሳ ውጪ ነበሩ፤ ድምፃቸው ሲሰማ «ልጆች! ልጆች!» ይላል፤ የሚሰማቸው የለም። የምንሞት መሰለኝ። ማጋነን አይደለም፤ ያን ጊዜ በክልሉ ለትንሽ ነገር ሰው ይሞት ነበር።

ከዚያ የካሳሁን ድምፅ ተሰማ። ረጅሙ አግዳሚ ወንበር ላይ ወጥቶ ቆሟል። አልጮኸም። እንደ ልማዱ ሰው ዝም እስኪልለት ጠበቀ።

«ሕጉን ስንቀበል ያጨበጨባችሁ እናንተ ናችሁ» አለ። «እሸነፋለሁ ብዬ አላሰብኩም፤ እናንተም አላሰባችሁም። ሕጉ እንዲፈርስ የፈለግነው ስለተሸነፍን ነው። ቤታችሁ ግቡ።»

ጥቂት አጉረመረሙ። ቀስ በቀስ ግን ተበተኑ። ካሳሁን ከወንበሩ ወርዶ በሩን ከፈተልን፤ ለሃሩን እጁን ሰጠው፤ በእኔ በኩል ሳያየኝ አለፈ።

ድምፁ ምስጢር ነበርና ከአራታችን ማን እንደከዳ ማንም አያውቅም። ይማም ባምባሲዎቹን ጠረጠረ። እኔ ግን እነሱ በእኔ ፈንታ ሲታሙ መስማት አልቻልኩም። በማግሥቱ የአምባ ልጆች በተሰበሰቡበት፣ «እኔ ነኝ» አልኳቸው። ለምን እንደሆነም ነገርኳቸው። አንዳንዱ ሰማኝ፤ ብዙው ተነሥቶ ሄደ። ዶርም ውስጥ አልጋዬ አጠገብ የነበረችው ልጅ አልጋዋን ጎትታ ወደ ሌላው ጥግ ወሰደችው። እስክንመረቅ እዚያው ቀረ።

አባቴን ለመንገር ቤት ሄድኩ። ማሽላው ሊታጨድ ደርሶ ነበር። የነገርኩት ማሳው ዳር ነው። ማጭዱን አላስቀመጠም፤ እያጨደ ነበር የሰማኝ። «ደግ አደረግሽ» አላለም፤ «ክፉ አደረግሽ»ም አላለም። ያ ዝምታ አጨዳው አልቆ፣ ውቂያው አልቆ፣ ብዙ ቆየ።

ሃሩን ቃሉን ጠበቀ። በየካቲቱ ዕረፍት ካፌው ተከፈተ። ከበርታ ልጆች አንዳንዶቹ ዓመቱን ሙሉ በእህሉ ነገር አጉረመረሙበት። ምደባ ላይ ደግሞ እኛ የፈራነውን አላደረገም፤ ለራሱ ወገንም አላደላም። «ሁሉም በዕጣ ይሁን» ብሎ ኮሚቴውን አሳመነ። ዕጣ ደግሞ ሰው አይለይም፤ ለእኔ ኩርሙክ ወጣልኝ። የአባቴ የሱዳን ጠረፍ።

የጭነት መኪናው ላይ ልወጣ ስል አባቴ በሶና አንድ ጀሪካን ውሃ ይዞ መጣ። ሊሸኘኝ መስሎኝ ነበር። ጀሪካኑን አቀበለኝና ራሱም ተሳፈረ። «የት ነው?» ስለው «ላየው ነዋ፣ የምትኖሪበትን» አለ። ሙቀቱ እየጨመረ፣ ዛፉ እያጠረ ሄደ። ኩርሙክ ስንደርስ የምኖርበት ቤት ባለቤት የሆነች የበርታ ሴት ወጥታ አባቴን አየችው፤ ሽማግሌ እንደሆነና መንገድ እንደጎዳው አየች፤ ከርከዴ የሚሉትን ቀይ የአበባ መጠጥ ቀዝቀዝ አድርጋ ሰጠችው። ጠጣ። ግቢውን ዞሮ አጥሩን በእጁ ነካካ፤ የላላውን ቀርከሃ ፈልጎ አጠበቀው። ያን ዕለት ነው ያናገረኝ። «ቤቱስ ደህና ነው» አለ።

እዚያ ቆይቼ በርታኛ ተምሬ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ ሥነ ዜጋ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ስለ ምርጫ ሳስተምር፣ ወኪል መራጮች ለምን ይጠቅማሉ የሚል ጥያቄ ሲመጣ መልሴ ይህ ነበር፤ ብዙኃኑ የማይሰማውን ጥቂት ሰው፣ ድምፁ ስለተፈለገ ብቻ እንኳ ቢሆን፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ እንዲሰማው ያስገድዳል። ይህን አምንበታለሁ። ተማሪዎቼ ግን «ታዲያ ሜዳ ላይ የቀሩትስ?» ይሉኛል፤ ለእነሱ የሚሆን መልስ አሁንም ሙሉ በሙሉ የለኝም። ምናልባት ያ ነው የሚያቁነጠንጠኝ።

ባለፈው ሳምንት ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ለካሳሁን ደወልኩ። ፓዌ ነው የሚኖረው፤ ልጆች ድሮ፣ ልጅ ልጅም አየ። ለሠርግና ለለቅሶ እንገናኛለን፤ ስለዚያ ቀን ግን አንድም ጊዜ አውርተን አናውቅም።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አልኩት። «ያን ቀን ወንበሩ ላይ የወጣኸው ለምንድነው? ብትፈልግ ግቢው ይቃጠል ነበር።»

ከወዲያ በኩል ተነሥቶ በር ሲዘጋ ሰማሁት።

«የእውነት ልንገርሽ፤ እኔ ልወጣ አልነበረም» አለ። «ተናድጄ ነበር። በሩ ሲገፋ ቆሜ እያየሁ ነበር። ጋሼ ይመር መጥተው ክንዴን ያዙኝ።»

«አባቴ?»

«አባትሽ። ውጤቱን ለመስማት መጥተው ከዛፉ ሥር ቆመው ነበር፤ ዝናቡ ጨርሶ መቷቸዋል። ‹ሕጉን ተቀብያለሁ ማለትህን ሰምተናል፤ አሁንም ተቀበል› አሉኝ። ‹እሷም ብትሆን ያመነችበትን ነው ያደረገችው› አሉ። እኔ ያን ጊዜ ማን እንደከዳኝ ገና አላወቅሁም፤ ስለ ማን እንደሚያወሩ የገባኝ በማግሥቱ አንቺ ስትናገሪ ነው።»

«እሱስ በምን አወቀ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለ ካሳሁን። «ልጃቸው አይደለሽም እንዴ? ለማንም እንዳልነግር አስማሉኝ። እሳቸው ካረፉ ይኸው ስንት ዓመታቸው ነው፤ መሐላው እስከ መቼ እንደሆነ አላውቅም።»

ከስልኩ ተነሥቼ ቤቱን ዞርኩት። ከሳሎን ጓዳ፣ ከጓዳ ደጅ። ማሳው ዳር ስነግረው ማጭዱን ያላስቀመጠው ታየኝ። ያን ሁሉ ወር የተቆጣኝ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ከእኔ በፊት አውቆ፣ ራሴ መጥቼ እስክነግረው ሲጠብቅ ኖሯል። ፈርቶም ነበር፤ ፍርሃቱ እውነት ነበር። ፈርቶ እያለ ነው በዝናብ ውስጥ ገብቶ የካሳሁንን ክንድ የያዘው። ልጄ መጥቶ «እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምትመላለሺው?» ሲለኝ፣ ወንበር ሳብኩለትና «ተቀመጥ፣ ስለ አያትህ ልንገርህ» አልኩት። እኔ ግን ቆሜ ነው የነገርኩት።